«የኛ ልጅ» እያልን በሕግ የምንሸኛቸው

ነገሩ ሁሌም አንድ ነው። የአንድ የውጭ ክለብ አሰላለፍ ይወጣል። ከማሊያው ጀርባ የኛ የሚመስል ስም ይታያል። ከዚያ ቴሌግራሙም ፌስቡኩም ቲክቶኩም ባንዴ ይነሣል፦ ባንዲራ፣ አንበሳ፣ «ደሙ የኛ ነው»፣ «ፌዴሬሽኑ ምን ይጠብቃል?»። በሦስተኛው ቀን ወሬው ያልቃል። ልጁ እዚያው ይጫወታል፤ እኛም እዚሁ ቀጣዩን ስም እንጠብቃለን።

ማረን ኃይለሥላሴን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዙሪክ የተወለደ የመስመር አጥቂ ነው። በኤፍሲ ዙሪክ አካዳሚ አደገ፤ በውሰት ለኑሻቴል ዛማክስ ተጫወተ፤ ወደ ሉጋኖ ሄደ፤ በ2023 ደግሞ ውቅያኖስ ተሻግሮ የቺካጎ ፋየርን ማሊያ ለበሰ። ለስዊዘርላንድ የዕድሜ እርከን ቡድኖችም ተሰልፏል። ደረጃ በደረጃ የወጣ፣ በላቡ የሚበላ ባለሙያ ነው። እኛ ግን ይህን ሁሉ መቼ አነበብን? ያነበብነው ስሙን ነው። «ኃይለሥላሴ» የሚለው በቃን።

በነዚያ ሁሉ ኮሜንቶች ውስጥ አንድ ጥያቄ ፈልጌ አጣሁ። ሁለት አገር ያለው እንዲህ ያለ ልጅ ነገ ጠዋት ተነሥቶ «ለኢትዮጵያ መጫወት እፈልጋለሁ» ቢል፣ በየትኛው ሕጋችን ነው የሚገባው?

መልሱን ስለማውቀው ነው ይህን የምጽፈው። ያወቅኩትም በጋዜጠኝነቴ አይደለም፤ ከቤቴ ነው የጀመረው።

እህቴ አዘዞ ተወልዳ ያደገች የጎንደር ልጅ ናት። ጀርመን ሄዳ ጀርመናዊ አገባች፣ ወንድ ልጅ ወለዱ። ልጁ ኳስ ተጫዋች ነው፤ የቀኝ መስመር አጥቂ። በ2015 ዓ.ም. ለጥምቀት ይዛው መጣች። ያኔ 15 ዓመቱ ነው። ጠዋት ፋሲለደስ መዋኛ ጸበል ተረጭቶ፣ ከሰዓት በኋላ እናቴ ፒያሳ የገዛችለትን የዋልያዎቹን ማሊያ ለብሶ አዘዞ ሜዳ ወረደ። ሜዳው ድንጋይና አቧራ ነው። ኮንጎ ጫማ ያደረገ አንድ የሰፈር ልጅ በእግሮቹ መሐል ኳስ አሳልፎ አለፈው፤ ሰፈሩ ሳቀ፤ የእህቴም ልጅ አብሮ ሳቀ። ሲሄድ ታኬታውን ለዚያ ልጅ ሰጥቶት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ለምን ተመልሶ እንዳልመጣ ለጎንደር ሰው አላስረዳም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ባለፈው ኅዳር 18 ዓመት ሞላው። ደወለልኝና በዚያ በተሰባበረው፣ ግን የእናቱን የጎንደር ለዛ ባልለቀቀው አማርኛው «አጎቴ፣ እኔ ለኢትዮጵያ መጫወት እችላለሁ?» አለኝ። ጋዜጠኛ ነኝና ጠይቄ እነግርሃለሁ አልኩት። ጠየቅሁ። ጉዳዩ ይመለከተዋል የተባለ አንድ ቢሮ ገባሁ። ሠራተኛው በትሕትና ሰማኝና በአንድ ዐረፍተ ነገር መለሰልኝ፦ «ፓስፖርቱን ይመልስና ይምጣ።» ሰውየውን አልወቅስም። የነገረኝ ሕጉን ነው።

እንግዲህ ሕጉን አብረን እንየው።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 6 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። አንቀጽ 33 ደግሞ ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን አይነጠቅም ይላል። እስከዚህ ድረስ የእህቴ ልጅ የኛ ነው፣ ማንም አይነካውም።

ከዚያ የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ይመጣል። አንቀጽ 20 ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ተጽፏል፦ ከውጭ ዜጋ ወላጅ በመወለዱ ወይም ውጭ አገር በመወለዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ፣ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ያንን ሌላውን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደመረጠ ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል።

«በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል» የምትለዋን ደግማችሁ አንብቧት። ልጁ ምንም አላደረገም። ፎርም አልሞላም፣ ደብዳቤ አልጻፈም፣ «ኢትዮጵያዊ አይደለሁም» ብሎ ለማንም አልተናገረም። ዝም አለ። ብዙዎቹ እንዲህ ያለ አዋጅ መኖሩን እንኳ ሳይሰሙ ነው ዝም የሚሉት። ሕጋችን ግን ዝምታውን ፈቃድ ብሎ ተረጎመው። ሕገ መንግሥቱ «ከፈቃዱ ውጭ አይነጠቅም» ሲል፣ አዋጁ ፈቃድ የሚባለውን ነገር ራሱ ፈጠረና አስፈረመው። ይሄ ለኔ ነጠቃ ነው። ስሙ ብቻ ነው የተቀየረው።

ደግሞ ጊዜውን ተመልከቱት፤ ከ18 እስከ 19። ኳስ የሚያውቅ ሰው ይህ ዕድሜ ለአንድ የመስመር አጥቂ ምን እንደሆነ ያውቃል። የመጀመሪያው የፕሮፌሽናል ውል የሚፈረምበት ወይም «አመሰግናለሁ፣ በቃህ» የሚባልበት ዓመት ነው። አውሮፓ ውስጥ የአውሮፓ ፓስፖርት ለተጫዋች የሥራ መሣሪያው ነው። ስፔን ውስጥ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ በሆኑ ተጫዋቾች ላይ የቁጥር ገደብ አለ። ሌላ ቦታ የሥራ ፈቃድ አለ፣ የደመወዝ ወለል አለ። እኛ የምንለው እንግዲህ ይህን ነው፦ «ልጄ፣ ገና ውል ሳትፈርም እንጀራህን ጣልና ና። ስትመጣ ደግሞ አሠልጣኙ ይመርጥህ አይመርጥህ አናውቅም።» የትኛው እናት ናት ልጇን እሺ በል የምትለው? እህቴ አላለችም። እኔም አልልም።

ጀርመንን ልጥቀስ፣ የልጁ ሌላ አገር ናትና። ጀርመን ከሰኔ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዜጎቿ ሌላ ዜግነት እንዲይዙ በሕግ ፈቅዳለች። ስለዚህ «ምረጥ» እያለ የሚያስጨንቀው የአባቱ አገር አይደለም። የእናቱ አገር ናት።

«ቢጫ ካርድ አለ አይደል?» የሚለኝ ይኖራል። አለ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራል። ለነጋዴ ጥሩ ነው። ለተጫዋች ግን ፋይዳ የለውም፤ ምክንያቱም ፊፋ የሚጠይቀው ዜግነት ነው፣ የትውልድ መታወቂያ አይደለም። ሜዳ ላይ ቢጫ ካርድ ያየ ተጫዋች ቢያንስ መጫወቱን ይቀጥላል። የኛን ቢጫ ካርድ የያዘ ግን ማሊያውን ለብሶ ትሪቡን ላይ ነው የሚቀመጠው።

ተዉ ይህን ሁሉ፣ ይህ አገር እኮ ሁለት ደም ያላቸውን ልጆች አቅፎ የሚያውቅ አገር ነው። እስከ ዛሬ ያነሣነው አንድ የአፍሪካ ዋንጫ ነው፤ ጥር 1954 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ። አምበሉ ማን ነበር? ሉቻኖ ቫሳሎ። አስመራ የተወለደ፣ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። በፍጻሜው ግብፅን 4 ለ 2 ስናሸንፍ ሉቻኖ አገባ፣ ወንድሙ ኢታሎም በጭማሪ ሰዓት አገባ። ክልስ የሆነ አምበል ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫ እንዳይቀበል የፈለጉ ባለሥልጣናት እንደነበሩ፣ ይድነቃቸው ተሰማ ግን እሺ እንዳላሉ ሲነገር ኖሯል። ዋንጫውን የተቀበለው ሉቻኖ ነው። ፎቶግራፉ አለ። ሰውየው በደርግ ዘመን ተሰዶ፣ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ጣሊያን ውስጥ አረፈ። ያን ቀን ሁላችንም «ጀግናችን» አልን። እውነት ነው፣ ጀግናችን ነበር። አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ፦ ሉቻኖ ዛሬ ሮም ተወልዶ ቢሆን ኖሮ፣ በ19 ዓመቱ አዋጁ ያሰናብተው ነበር።

ቅርቡን እንይ። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ ቡድኑ ውስጥ ፉአድ ኢብራሂም ነበር። ድሬዳዋ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ፣ ገና በ15 ዓመቱ የአሜሪካ ሊግ ክለብ የመረጠው፣ ለአሜሪካ ታዳጊዎች የተጫወተ ልጅ። ከስዊድኑ ሲሪያንስካ የመጣው ዩሱፍ ሳላህም ነበር። ስዊድን ያደገው ዋሊድ አታም ተከላካያችን ሆኖ ተጫውቷል። ለነሱ መንገድ ተገኘ። ያ መንገድ ግን ከአዋጁ አንድ ቃል አልቀየረም፣ ለሚቀጥለው ልጅ የተጻፈ አሠራር ሆኖም አልቀረም። እነሱ አለፉ፣ በሩ ከኋላቸው ተዘጋ።

ወረቀት ላይ ያለን ስንፍና ደግሞ ዋጋ እንደሚያስከፍል ከማንም በላይ እናውቃለን። በዚያው ዓመት ቦትስዋናን ሜዳ ላይ አሸንፈን፣ ምንያህል ተሾመ በሁለት ቢጫ ካርድ መቅጣት ሲገባው ስላሰለፍነው ሦስት ነጥብ ተነጠቅን። ልጁ አላጠፋም። ቢሮው ነው ያጠፋው። ዛሬም ያው ቢሮ ነው «ደሙ የኛ ነው» እያልን የምንማጸነው።

ፊፋ በበኩሉ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ደንቡን አላላ። ለአንድ አገር ዋና ቡድን 21 ዓመት ሳይሞላው፣ ከሦስት ያልበለጠ ጨዋታ የተሰለፈ ተጫዋች፣ ሦስት ዓመት ካለፈውና በዓለም ዋንጫ ወይም በአህጉሩ ዋንጫ ካልተጫወተ፣ አገር መቀየር ይችላል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ፦ ለመጀመሪያው አገር በተሰለፈበት ቀን የሁለተኛውን አገር ዜግነት ቀድሞ የያዘ መሆን አለበት። አሁን ከአንቀጽ 20 ጋር አገናኙት። በ19 ዓመቱ በዝምታ ኢትዮጵያዊነቱን «የተወ» ልጅ፣ በ20 ዓመቱ ለጀርመን ወይም ለስዊዘርላንድ ሁለት ጨዋታ ቢሰለፍና በኋላ ልቡ ወደኛ ቢያዘነብል፣ ያን ቀን የኛ ዜግነት አልነበረውምና ፊፋም አይቀበለውም። ዓለም የከፈተውን በር የዘጋነው እኛው ነን።

ሌላው ምን አደረገ? ሐኪም ዚዬች ኔዘርላንድስ ተወለደ፣ ለኔዘርላንድስ ታዳጊዎች ተጫወተ፣ በ2015 ሞሮኮን መረጠ። የመስመር አጥቂ ነው። ሞሮኮ ፓስፖርትህን መልስ አላለችውም። በ2022 የዓለም ዋንጫ ለግማሽ ፍጻሜ የደረሰው የሞሮኮ ቡድን ከ26 ተጫዋቾቹ 14ቱ ከአገሩ ውጭ የተወለዱ ነበሩ። ሪያድ ማህሬዝ ፓሪስ አጠገብ ሳርሴል ተወለደ፤ በ2019 የአልጄሪያ አምበል ሆኖ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣ። ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ኬፕ ቨርዴ በስደተኛ ልጆቿ ተደግፋ ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ አለፈች። ጎረቤታችን ኬንያ እንኳ በ2010 ሕገ መንግሥቷ ጥምር ዜግነትን ፈቀደች። እኛ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሆነን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እያልን እንኖራለን።

ጎንደር ይህን ነገር ከሌላው ከተማ በላይ ልትረዳው ይገባል። ከከተማችን ወጣ እንዳልን ወለቃ አለ። ቤተ እስራኤል ጎረቤቶቻችን ከዚህ ደጋ ተነሥተው የሄዱ ሰዎች ናቸው። ዛሬ የእስራኤልን ብሔራዊ ቡድን በአምበልነት የመራው ኤሊ ዳሳ ከኢትዮጵያ ከሄዱ ቤተሰቦች የተወለደ ነው። አዲስ አበባ የተወለደው ጋዲ ኪንዳ ግንቦት 2017 ዓ.ም. በ31 ዓመቱ ሲሞት፣ ስንቶቻችን ነን በሕይወት ሳለ ያልጠራነውን ልጅ በሞተ ቀን «የኛ ልጅ» ያልነው? እነሱ የለበሱት የአገራቸውን ማሊያ ነው፤ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ በኛ ነው። ሰውን የምናቅፈው ምንም በማንጠየቅበት ሰዓት ብቻ መሆኑ።

ተቃውሞዎቹን አውቃቸዋለሁ። ቤቴም ውስጥ ተከራክሬባቸዋለሁ።

አንደኛው «ሁለት ፓስፖርት ያለው ሰው ልቡም ሁለት ነው» የሚለው ነው። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ ደባርቅ ወጥቶ ያየው ያውቃል። ማሊያችን ላይ ያደረግነውም እሱን ነው። ሰው ግን ዋልያ አይደለም። ሰው ሌላ ተራራ ላይ ተወልዶም ያንን ማሊያ ሊወድ ይችላል። ታማኝነት በፓስፖርት ብዛት የሚለካ ቢሆን ኖሮ፣ የ1954ቱን ዋንጫ ማን ባመጣልን?

ሁለተኛው «የአገር ውስጥ ልጆችን ቦታ ይቀማሉ» ይላል። ይህን በቁም ነገር እወስደዋለሁ፤ ያን ኮንጎ ጫማ ያደረገ ልጅ አልረሳሁትምና። ግን የዚያን ልጅ ቦታ የቀማው ማን ነው? ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ሊጉን አንሥቶ፣ ከሱዳኑ አል ሒላል ጋር የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታውን ያስተናገደው ጎንደር ላይ አልነበረም፤ ባሕር ዳር ሄዶ ነው። ብዙም ሳይቆይ የባሕር ዳሩም ታገደ። ብሔራዊ ቡድናችን በሰኔ 2022 (እ.ኤ.አ.) ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ «በሜዳችን» የተባለው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። የአዘዞው ልጅ ዋልያዎቹን በዓይኑ አላያቸውም። ሜዳውን የወሰደበት ከጀርመን የመጣ ልጅ አይደለም። እንዲያውም ከጀርመን የመጣው ታኬታውን ነው የሰጠው። ሞሮኮም ስደተኛ ልጆቿን ስትጠራ በአገሯ አካዳሚ እየገነባች ነው። ሁለቱ የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም። እኛ ጋ ሁለቱም የሉም።

ሦስተኛው «ጥምር ዜግነት የደኅንነትና የፖለቲካ ጉዳይ ነው» የሚለው ነው። ይሁን። ምርጫና ሥልጣን ላይ ገደብ አድርጉ፤ ቢጫ ካርዱም እኮ ይህን ያደርጋል። የመስመር አጥቂ ግን ምን ምስጢር ይዞ ይሄዳል? የማዕዘን ምት አመታታችንን?

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው።

ፓርላማው አንቀጽ 20ን ያሻሽል። ሁለት ዜግነት ይዞ የተወለደ ልጅ ኢትዮጵያዊነቱን የሚያጣው በጽሑፍ «አልፈልግም» ሲል ብቻ ይሁን። ዝምታ ፊርማ አይሁን። ይህ ለኳስ ተጫዋች ብቻ አይደለም፤ ለሐኪሙም ለተማሪውም ነው። ኳሱ ያጋለጠው ስለሆነ ነው በሱ የጀመርኩት።

ሕጉ እስኪሻሻል ፌዴሬሽኑ ውጭ ያሉ ልጆችን ከ15 ዓመታቸው ጀምሮ ይመዝግብ፤ ኤምባሲዎችም ስለዚያች አንድ ዓመት ለወላጆች ቀድመው ይንገሩ። ባለማወቅ የሚጠፋ ልጅ ቢያንስ አይኑር። አሠራሩ ይጻፍ፣ ይለጠፍ፤ በትውውቅና በስልክ የሚከፈት በር ሕግ አይደለም።

እኛም አንድ ነገር እናድርግ። በሚቀጥለው ጊዜ የአንድ ልጅ ስም ማሊያ ላይ አይታችሁ ባንዲራ ከመለጠፋችሁ በፊት፣ ከሥሩ «በየትኛው ሕግ?» ብላችሁ ጻፉ። አንድ ሺህ ሰው ይህን ቢጽፍ ከአንድ ሺህ አንበሳ ይሻላል።

ለእህቴ ልጅ ገና መልስ አልሰጠሁትም። እናቴ በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች። «የልጄ ልጅ የውጭ ሰው ነው ልትለኝ ነው?» ትለኛለች። አይደለም፣ እማ፤ የሚቀጥለው ኅዳር እስኪመጣ ድረስ አይደለም። ከዚያ በኋላ አዋጁ ነው የሚለው፣ እኔ አይደለሁም።